ለ12ኛ ክፍል ቱቶሪያል ያሰባችሁትን ገንዘብ ለ9ኛ ክፍል አውሉት

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጎጃም ውስጥ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ከአንድ የገጠር ወረዳ ወጥተን አዲስ አበባና ባሕር ዳር የምንሠራ 14 ጓደኛሞች ነን። የተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት በተከታታይ አንድም ተማሪ አላሳለፈም። በየወሩ እያዋጣን ከ12ኛ ክፍል 40 ችግረኛ ተማሪዎችን ለመርዳት አስበናል። በክረምት የማነቃቂያ ሥልጠና፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ቱቶሪያል፣ ላለፈ ደግሞ ላፕቶፕ እንሰጣለን። መምህራኑ ‹ልጆቹ የመማር ፍላጎት የላቸውም› ይሉናል። ወላጆች ‹ቢያልፍስ ዩኒቨርሲቲ የምናስተምርበት ብር ከየት ይመጣል› ይላሉ። አምና ፈተናውን ያላለፉ ሦስት ጎበዝ ልጆችም አሉ። እቅዳችን ትክክል ነው? ሦስቱንስ ምን እናድርጋቸው?»

እቅዱ እንዳለ ከተጀመረ ገንዘባችሁም ድካማችሁም ያልቃል፣ ውጤቱም አይለወጥም። መዋጮውን ቀጥሉ። ቱቶሪያሉን ግን ተዉት፣ ላፕቶፑንም ሰርዙት፤ ከ12ኛ ክፍል ወደ 9ኛ ውረዱ፣ 40ውንም 12 አድርጉት። ብዙ ዓመት በትምህርት ቤት የምክርና ድጋፍ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ እኔም ስጀምር ያደረግሁት እናንተ ያሰባችሁትን ስለነበር የት ላይ እንደሚሰበር አውቀዋለሁ።

«ፍላጎት የላቸውም» ከሚለው ልነሣ፤ ይህ አባባል የተሳሳተ መድኃኒት የሚያሳዝዝ የተሳሳተ ምርመራ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥቅምት 2015 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ማለፊያውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የእናንተ ትምህርት ቤት እንደነዚህ ያለ ነው፣ ከሌሎቹ የተለየ ስንፍና የለበትም። ዓርብ ከሰዓት ሦስትና አራት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ቤተሰቡ ጋ የሚሄድ፣ እሑድ ማታ የሳምንት ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ ወደ ኪራይ ክፍሉ የሚመለስ ልጅ ፍላጎት ከሌለው ማን አለው? ይህን ጉዞ አራት ዓመት ሙሉ ያደርገዋል። የማነቃቂያ ንግግር ሰምቶ ለሁለት ቀን ይሞቅለታል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ያው የማይገባው መጽሐፍ ፊቱ ይቀመጣል።

ትልቁ ችግር ያለው እዚያ መጽሐፍ ላይ ነው። ልጁ ታችኛውን ክፍል በአማርኛ ሲማር ቆይቶ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ብዙ ሰው ይህን የእንግሊዝኛ ትምህርት ችግር ብቻ ያደርገዋል። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የኦስሞሲስን (ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወይም ስኳር ወደበዛበት የሚሄድበትን ሂደት) ትርጉም አንድ ቃል ሳትስት በእንግሊዝኛ ስትወጣው ሰምቻለሁ። «ቋንጣ ላይ ጨው ሲነሰነስ ሥጋው ውሃ የሚለቀው ለምንድን ነው?» ስላት ግን ዝም አለች። መልሱ አሁን የተናገረችው ራሱ መሆኑን አላወቀችም። ሒሳብም ላይ እንዲሁ ነው። «ቢያንስ» እና «ቢበዛ» ተብሎ በአማርኛ ሲነገረው ወዲያው የሚሠራ ልጅ፣ «አት ሊስት» የሚለውን ሲያይ ቃሉ ከ«ሌስ» ጋር ይመሳሰልበትና «ያንሳል» የሚለውን ምልክት ያደርጋል። ጥያቄውን የሳተው ሒሳብ ስለማይችል አልነበረም። አራት ዓመት እንዲህ እየሳተ ሲቆይ ግን እውነትም የማይችል ይሆናል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ራሱም «እኔ ሒሳብ አልችልም» ብሎ ማመኑ ነው።

በዚህ ላይ ከታች ያልተሞላ ክፍተት አለ። ክፍልፋይ፣ አሉታዊ ቁጥር፣ መቶኛ ሳይጨብጥ የመጣ ልጅ 11ኛ ክፍል ላይ ምን ብታስረዱት አይይዝለትም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለቆዩ ክፍተቱ ሰፍቷል። አሁን 9ኛ ክፍል የምታገኙት ልጅ ዕድሜው የ18 ሆኖ እውቀቱ ደግሞ የቆመበት ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄዎች ስጡት፤ ከየትኛው ክፍል እንደወጡ አትንገሩት። የጎረመሰ ልጅ «የሕፃን ትምህርት ሰጡኝ» ብሎ ካፈረ ሁለተኛ ቀን አታገኙትም።

እንግዲህ የ12ኛ ክፍል ቱቶሪያል የማይሠራበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ፈተናው የሚወጣው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ካለው ትምህርት ነው። በመጋቢት የጀመረ አስጠኚ የአራት ዓመት ይዘት በአራት ወር መሸፈን ስለማይችል ወደ ቀድሞ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ይሮጣል። ልጁ መልስ ይሸመድዳል፤ ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ይጠፋበታል። ቱቶሪያል የሚጠቅመው መሠረት ያለውንና 45 በመቶ ላይ የቆመውን ልጅ ነው። ከእናንተ 40 ልጆች መካከል እንዲህ ያለው ምናልባት ሁለትና ሦስት ቢሆን ነው፤ የቀሩት ተሰብስበው ተስፋ ይቆርጣሉ።

የምመክረው ሌላ መንገድ ነው፤ ለጎጃም ሰው እንግዳ የሚሆንም አይመስለኝም። በዲማ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በዋሸራ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ጀማሪው የቆጠረውን፣ ማለትም ራሱ የደረሰውን፣ ቅኔ የሚሰማለት አስነጋሪ አለ። አስነጋሪው ሊቅ አይደለም፣ መንገዱን ትንሽ ቀድሞ የሄደ ተማሪ ነው። ይሰማል፣ «እዚህ ላይ ተሰብሯል» ይላል፣ ጀማሪውም ተመልሶ ይቆጥራል። የአንድ ችግረኛ ተማሪ መካሪ ሥራው ይኸው ነው። መካሪው ፊዚክስ ማስተማር አይጠበቅበትም። መስማትና የተሰበረውን ማሳየት ግን አለበት፤ በሚቀጥለው ሳምንትም በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ ይገኛል።

የሳምንቱ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን በቂ ነው። መጀመሪያ ስለ ትምህርት አታንሡ። የት አደርክ፣ ማን አብሮህ አለ፣ ስንቅ ደረሰ፣ አባትህ ደህና ናቸው ብላችሁ ጠይቁ። ረቡዕ ላይ እንጀራው ሻግቶ ሁለት ቀን ቆሎ ብቻ የበላ ልጅ ዓርብ ጠዋት ለምን እንዳልገባው የምታውቁት ከዚህ ጥያቄ እንጂ ከውጤት ካርዱ አይደለም። ቀጥሎ ልጁ ከዚያ ሳምንት ትምህርት አንድ ገጽ፣ አንድ ብቻ፣ ይዞ ይምጣና በአማርኛ ያስረዳ። ቋንጣውን፣ ማሳውን፣ የወፍጮ ቤቱን ቀበቶ እያነሣ ያስረዳ። ሐሳቡ መግባቱ ሲረጋገጥ ያንኑ ገጽ በእንግሊዝኛ ያንብብ፣ የማያውቃቸውን ቃላት ከነዐረፍተ ነገራቸው ይጻፍ። በዚህ ቅደም ተከተል ሲሄድ ቃሉ የሚያርፍበት ነገር ያገኛል። ብዙ መምህር ክፍል ውስጥ ይህን ማድረግ ቢፈልግ እንኳ ስድሳና ሰባ ተማሪ ይዞ፣ ፕሮግራም እያሳደደው አይችልም። ለዚህ ነው መካሪ የሚያስፈልገው።

ሦስተኛው ሥራ የስህተት ደብተር ነው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ልጁ በፈተናም በቤት ሥራም የሳተውን ጥያቄ ሁሉ ይገለብጣል፤ ከጎኑ ለምን እንደሳተው ይጽፋል፦ ቃሉ አልገባኝም፣ ትምህርቱን አላውቀውም፣ ቸኮልኩ። ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ደብተሩን ገልጣችሁ ብትቆጥሩት ልጁ ምን እንደጎደለው ከማንም በተሻለ ይነግራችኋል። «ሒሳብ አልችልም» ይል የነበረው ልጅ ከስህተቱ ግማሹ የቃል ችግር መሆኑን በራሱ እጅ ጽሕፈት ሲያይ ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። ያ ለውጥ ከየትኛውም የማነቃቂያ ሥልጠና ይበልጥብኛል።

መካሪው ማን ይሁን? እናንተ አትሆኑም። ይህን ስል ቅር እንዳትሰኙ፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በየሳምንቱ ጮቄ ሥር መገኘት አይቻልም፣ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይደለም፣ ኔትወርክም ሲጠፋ ወራት ሊጠፋ ይችላል። እዚያው ከተማ የሚኖሩ ስድስት ሰዎች ፈልጉ። ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት፣ ማንም ይሁን፤ ራሱ ከገጠር መጥቶ በኪራይ ክፍል የተማረ ቢሆን ደግሞ ተመራጭ ነው። እያንዳንዱ ሁለት ልጅ ይያዝ። ደመወዝ አትክፈሉ፤ ግን ባዶ እጁንም አታስቀሩት፣ የካርድና የትራንስፖርት ሸፍኑለት። ከትምህርት ቤቱ አንድ ታማኝ መምህር አስተባባሪ አድርጉና ለእሱ መጠነኛ አበል ስጡ፤ ሥራው ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ መከታተል ነው። ርእሰ መምህሩና የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ ከመጀመሪያው ቀን ይወቁ። ስሙን «አንድ ለአምስት» አትበሉት፤ ተማሪዎቹ ይህን አደረጃጀት ብዙ ቦታ የሪፖርት ቅጽ ሆኖ ስላዩት ገና ሲሰሙት ይሸሻሉ። የእናንተ የ14ታችሁ ድርሻ ገንዘቡና ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ አገር ስትገቡ ልጆቹን ቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ነው። አባትየው ፊት ተቀምጣችሁ «ልጅዎ እንዲህ እየተማረ ነው» ማለታችሁ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘቡ ወዴት ይሂድ? ላፕቶፕ ያለፈ ልጅን ይሸልማል፤ የሚወድቀውን ልጅ ግን ምንም አይደግፈውም። የሚጠቅመው ልጁ ከክፍል የሚቀርባቸውን ቀኖች መግዛት ነው። መቼ እንደሚቀር ከስም መጥሪያው ማየት ትችላላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉና ስንዴው ሲታጨድ ይቀራል፤ የቤት ኪራይ ሲያጥርበት ይቀራል፤ ስንቅ ሲያልቅበት ይቀራል። ለአጨዳው ሁለት ሳምንት ለአባትየው በልጁ ፈንታ የቀን ሠራተኛ ብትቀጥሩላቸው፣ ወይም ጎረቤት በወንፈል እንዲገባላቸው ብታስማሙ፣ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የሚጠቅም አታገኙም። ኪራዩን ለልጁ ሳይሆን ለአከራዩዋ በሦስት ወር ክፈሉ። ልጁ ብቻውን ከሚሆን ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይያዙ፤ ጤፍና ሽሮም በጋራ ይቀመጥላቸው። መብራት በሚጠፋበት ቦታ የሶላር ፋኖስ አስፈላጊ ነው። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በበቂ ካልደረሱ መጽሐፎቹን በስልክ ጭናችሁ ስጡ፤ ስልኩ ግን በአስተባባሪው እጅ ይቆይና ለጥናት ሰዓት ይውጣ። ስልክ ለልጁ በስጦታ መስጠት ጥናቱን የሚበላ ነገር መስጠት ይሆናል።

ወላጆቹ ስለ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ያላቸው ፍርሃት ብዙ ልጅ የሚያስቀር የተሳሳተ ግንዛቤ ነው፤ እናንተ በአካል ሄዳችሁ አርሙት። በትምህርት ሚኒስቴር ተመድቦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ምግብና መኝታ እዚያው ያገኛል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ድርሻውንም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። አባት በሬ ሸጦ የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ የለም። የሚያስፈልገው የመሳፈሪያ፣ የአንሶላና ብርድ ልብስ፣ የፎቶ ኮፒና የኪስ ገንዘብ ነው፤ እሱንም እናንተ ልትሸፍኑት ትችላላችሁ። የዩኒቨርሲቲዎች አሠራር በየጊዜው እየተለወጠ ስለሆነ ግን ቃል ከመግባታችሁ በፊት የዓመቱን መመሪያ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ።

አሥራ ሁለቱን ስትመርጡ ከ8ኛ ክፍል ውጤት የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት አትውሰዱ። ብዙ ጊዜ ከላይ የሚወጡት ቤታቸው ከተማው ውስጥ ያለ ልጆች ናቸው። መካከለኛ ውጤት ይዞ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣና ከክፍል የማይቀር ልጅ ፈልጉ፤ መምህራኑን «ማን ጎበዝ ነው?» ሳይሆን «ማን ይጠይቃል? ማን ቤት ሥራ ተሳስቶም ቢሆን ሠርቶ ይመጣል?» በሏቸው። ከ12ቱ ቢያንስ 7 ሴቶች ይሁኑ።

ስለ ሴቶቹ ለብቻው መናገር አለብኝ። በኪራይ ክፍል ወንዱና ሴቷ እኩል ተማሪ ቢሆኑም ከትምህርት በኋላ ያላቸው ሰዓት እኩል አይደለም። ወንድሟ አብሯት ካለ ውሃ የምትቀዳው፣ ወጥ የምትሠራው እሷ ናት፤ እሱ ያን ሰዓት ያነብባል። ይህን ከወንድሙ ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋግሮ ተራ ማውጣት የመካሪዋ ሥራ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በሳምንት ብዙ የጥናት ሰዓት ይመልስላታል። የሴት ልጅ መካሪ ሴት ትሁን፤ ይህ ምርጫ አይደለም። የወር አበባ ሲመጣ ከትምህርት የምትቀር ልጅ ለወንድ መካሪ ምክንያቱን አትነግረውም፤ ሞዴስ መግዣ የሌላትም አትነግረውም። ጥር ሲቃረብ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። ጥር የሰርግ ወር ነው፣ «ለገና እረፍት» ብላ ሄዳ የማትመለስ ልጅ አለች። በክልሉም በፌዴራሉም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ነገር ግን ሕጉን ይዛችሁ አባትየው ላይ አትጀምሩ፤ በታኅሣሥ ውስጥ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ንስሐ አባታቸውን ይዛችሁ ቤት ሂዱ። ቄሱ «ትማር፣ ቆይታ ታግባ» ካሉ ብዙ አባት ይሰማል። ሽማግሌ አልሰማ ብሎ ልጅቷ በግድ ልትዳር ከሆነ ግን ዝም አትበሉ፤ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው።

ከ10ኛ ወደ 11ኛ ሲያልፉ የተፈጥሮ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫ ይመጣል። «ጎበዝ ተፈጥሮ ይገባል» የሚለውን የቆየ አመለካከት እናንተም ይዛችሁት ልትሆኑ ስለምትችሉ እናገራለሁ፤ ብዙ ልጅ የወደቀው በዚህ ነው። የስህተት ደብተሩ የሚለውን ስሙ። ሒሳብ በሁለቱም ዘርፍ አለ፣ እንግሊዝኛም አለ፣ የአፕቲትዩድ ፈተናም አለ። ልዩነቱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ወይም ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ነው። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ፣ ማንበብ ግን የሚወድ ልጅ ኢኮኖሚክስ ቢማር ነውር የለበትም።

12ኛ ክፍል ላይ ሲደርሱ ያኔ የቀድሞ ፈተናዎችን በሰዓት ተቆጥሮ ማሠራት ተገቢ ይሆናል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሊሰጥ ስለሚችልና ለብዙዎቹ ከወረዳቸው የመጀመሪያው መውጣት ስለሚሆን፣ ሁኔታው ሲፈቅድ በ11ኛ ክፍል ክረምት አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወስዳችሁ ግቢውን አሳዩአቸው። ካፌውን፣ መኝታውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ይዩ። እንግዳ ቦታ ማደሩ ብቻ የፈተና ዋዜማ እንቅልፍ የነሳቸውን ልጆች አውቃለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር መፈተን ስለተጀመረ ማውስ መያዝ፣ ጥያቄ መዝለልና መመለስ ቀድመው ይለማመዱ።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ይህ ሥራ አንዴ ከተጀመረ አራት ዓመት መቀጠል አለበት። አጭር ከሆነ ምንም ካለማድረግ ሊከፋ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከመካሪያቸው ጋር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ልጆች ብዙ ሲጠቀሙ፣ ግንኙነቱ በጥቂት ወራት የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አገሩ ሌላ ነው፣ የልጅ ልብ ግን ያው ነው። እኔ በነበርኩበት አንድ ፕሮግራም የ10ኛ ክፍል ተማሪ የያዘ መካሪ በጥር ሥራ ቀይሮ ሳይሰናበት ሄደ። ልጅቷ ሦስት ረቡዕ ትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ሥር መጥታ ጠበቀችው። እኛ ደግሞ መሄዱን የነገርናት በአራተኛው ነው። ከፋሲካ በኋላ አልተመለሰችም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ ተተኪ ሳናዘጋጅ የጀመርነው እኛ ነን። ስለዚህ ከስድስቱ መካሪዎች በተጨማሪ ሁለት ተጠባባቂ ይኑራችሁ፤ ማንም መካሪ ሳይሰናበትና ተተኪውን ሳያስተዋውቅ እንደማይሄድ ከመጀመሪያው ይስማማ። የአራት ዓመቱን መዋጮ የማትተማመኑበት ከሆነ ልጅ አትያዙ፤ ገንዘባችሁን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወንበር፣ ፋኖስና መጽሐፍ አውሉት። ይህም ደህና ሥራ ነው፣ ማንንም አያቆስልም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የልጆቹ ደኅንነት ነው። መካሪና ተማሪ በኪራይ ክፍል ወይም በመካሪው ቤት ብቻቸውን አይገናኙ፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። ወላጅ የመካሪውን ስምና የሥራ ቦታ ይወቅ። የልጆቹን ፎቶ «ድሆችን ረዳን» ብላችሁ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ፤ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ደብተር አትስጡት። የጎጃም ገበሬ ልጅ ችግሩን ይችላል፣ መዋረዱን ግን አይችልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም 12ቱም ዩኒቨርሲቲ አይገቡም። ያመጣችኋቸው ልጆች ከየት እንደተነሡ ካየን አራት አምስቱ 50 ቢያመጡ ትልቅ ነገር ነው፤ በጣም ጥሩ የሠራችሁም ሆናችሁ ሁለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለቀሩት ከ12ኛ ክፍል በፊት ጀምሮ ሌላውን መንገድ በክብር አሳዩአቸው። የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። መካሪው እነዚህን «ለወደቀ» እያለ ከጠራቸው ልጁ አይሄድባቸውም። ኤሌክትሪክ ተምሮ ወረዳው ውስጥ ሥራ የያዘ ወጣት አምጥታችሁ አንድ ቀን ያነጋግራቸው።

አምና ስላላለፉት ሦስቱ ልጆች፦ ውጤታቸውን በየትምህርቱ ለያይታችሁ ተመልከቱ፤ ድምሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከ50 በመቶ በታች ካመጡት መካከል በየዓመቱ በሚወሰነው መቁረጫ የተመረጡ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የአቅም ማሻሻያ፣ ብዙዎች ሪሜዲያል የሚሉትን፣ ይማራሉ። ያንን ካለፉ አንደኛ ዓመት ይቀጥላሉ። ሦስቱ መቁረጫውን ደርሰው በወሬ እጥረት ያልተመዘገቡ እንዳይሆኑ መጀመሪያ ይህን አጣሩ፤ ደርሶብኛል። ካልደረሱ በግል ተፈታኝነት ደግመው መውሰድ ይችላሉ። ግን ቤት ተቀምጠው ብቻቸውን እንዲያጠኑ አትተዉአቸው፤ በእርሻውና በሐዘኑ መካከል ዓመቱ ያልፋል። አስነጋሪ አድርጓቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ለአዲሶቹ የ9ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዲያስጠኑ ቅጠሯቸውና ኪራያቸውን ክፈሉ። የ9ኛውን ትምህርት ለሌላ ሰው ማስረዳት ራሳቸው የሚፈተኑትን ትምህርት ከሥሩ መከለስ ነው፤ በቀረው ሰዓት እነሱም የየራሳቸውን የስህተት ደብተር ይዘው 11ኛውንና 12ኛውን ይሥሩ። የግል ተፈታኞች የምዝገባ ጊዜ አጭር ስለሆነና ማስታወቂያው ገጠር ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ቀኑን የሚከታተል ሰው ከ14ታችሁ አንዱን አሁኑኑ መድቡ።